አልጋ ወራሾች

ከአገር ቤት ሲደውሉ «የት ደረስሽ?» ሲሉኝ፣
«አልጋ ወራሽ ሆንኩኝ» አልኳቸው፤ እልል አሉልኝ።

አልዋሸሁም።
ዱባይ፣ ናይፍ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከሊፍቱ በስተግራ፣
አንዲት አልጋ አለች የምንወርሳት በተራ።
ሌሊቱ የጦይባ ነው፣ ቀኑ የእኔ ግዛት፤
ከሞል ጽዳት ስመለስ፣ ስትነሣ ነው የማገኛት።
ሳይቀዘቅዝ ፍራሹ፣ ሳይለቅ ጠረኗ፣
ጋደም እላለሁ እዚያው፣ ባሰመጠው ጎኗ።
ዙፋኑ ባለ አራት እግር፣ አንደኛው ብሎኬት ነው።
ከላይ ሮዌና፣ ከእሷ በላይ ኮርኒስ፤
ከኮምፔርሳቶው ማዶ አንድ ሰው ሌት ተቀን ያስላል፤
ስሙን ሳላውቅ ሳሉን ለመድኩት።

ከኢድ ማግሥት በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ፤
ስድስት መቶው ዲርሃም ስምንት መቶን አለፈ።
«ያልተስማማው ይውጣ» ይላል ከግርጌው፤
መውጣቱስ ባልከፋ፣ መግቢያው ነው የጠፋው።

ጦይባ ልብስ ሰፊ ናት።
ሜትሯን ካንገቷ ሳታወርድ ገብታ አልጋውን ለካች፣
ሰማንያ ሳንቲ ሜትር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።
«የሚለካ ሬሳ ነው፤ ተይኝ እቴ፣ ያስፈራል።»
«በቁሙም ሰው ይለካ፤ ደብተሬ ላይ ይሰፍራል።»
በየፎቁ ወረደች፣ በየበሩ አንኳኳች፣
«ስንት ናችሁ? ስንት ነው የሚያስከፍላችሁ?» አለች።
ለካስ ወኪሉ ላንዱ ሰባት፣ ላንዱ ዘጠኝ መቶ፣
«ላንቺ ብቻ ነው» ብሎ፣ ምሎ ተገዝቶ።

ዓርብ ጣሪያ ላይ ወጣን፣ ከውሃ ታንከሩ ጥላ ሥር።
የጋራ ቋንቋችን የሰው ማድቤት ያስተማረን ዓረብኛ፤
«አምጪ፣ እጠቢ፣ ቶሎ በይ»፣ ሌላ አናውቅም እኛ።
ለመለመን ይበቃል፤ ለመጠየቅ አጠረን።
ያ የሚያስለው ሰውዬ፣ ኩንሂ ነው ስሙ ለካ፣
ጉሮሮውን ጠራርጎ አንዲት ቃል አለ፦ «ዐድል»።
እኛ «ዕድል» መሰለን። ዕድልማ አለን፣ አልነው፣ የከፋ።
ሳቀ፣ እስኪያስለው ድረስ። በዓረቦቹ አፍ ፍትሕ ማለት ነው።

ደብዳቤው ተጻፈ። ማን ይፈርም ቀድሞ?
ሁሉም ጫማውን አየ፣ በየጥጉ ቆሞ።
ይህች ግጥም እንኳ ቤት ትመታለች፣ አልፎ አልፎ፤
የእኛ ስም ግን በየትኛው የቤት ውል ላይ ተጽፎ?
ሮዌና የድስት ክዳን አመጣች፣ ወረቀቱ ላይ ደፋች፣
ዙሪያውን በእስክሪብቶ አዞረች።
በክቡ ላይ ፈረምን፤ ሠላሳ አንድ ስም፣
መጀመሪያ የለው፣ መጨረሻም።

ወኪሉ ወረቀቱን እንደ መኪና መሪ አሽከረከረው፣
የፊተኛውን ስም ፍለጋ። አጣው።
መቶ ዲርሃም ቀነሰ፤ ለሁሉም እኩል፣ በጽሑፍ።
ሜትሩን ግን አይቷል፣ ካንገቷ ላይ።

ጦይባ በሳምንቱ ወጣች። አጅማን ነው አሉ የገባችው፣
ከሥራዋ ሁለት ሰዓት በአውቶቡስ።
አሁን ስገባ አልጋው ቀዝቃዛ ነው።
ትታልኝ የሄደችው ሜትር ትራሱ ሥር አለ፤
አውጥቼ ጎኗ ያሰመጠውን ለካሁት፣
ልኩን ደብተሩ ላይ፣ ከስሟ አጠገብ ጻፍኩት።
ከመንገዱ ማዶ፣ ሰማያዊው ሕንፃ በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል።
ሥራ እስክገባ ሦስት ሰዓት አለኝ።