ስንዝር ወደ ኋላ

አርባ ዘጠኝ ሞዴል፣ የዴልፊኖ ፒካፕ፣
ስምንት ሲሊንደር ውጣ፣ አፍንጫዋ ከብዷት፣
ከቺማዮ ቁልቁል ኩርባው ላይ ስትደርስ
እሱ መሪ ቢያዞር፣ እሷ ገደል አምሯት
ቀጥ ትላለች፣ ልጓም እንደ ናቀች በቅሎ።

«ጎማው ነው» አለ ወንድሙ። «ባሌስትራው» አለ ጎረቤት።
ባሌ መልስ አልሰጠም፤
ከድርቆሽ ነጋዴው ሚዛን ተውሶ
አራት እግሯን ተራ በተራ መዘነ።
ከመቶው ስልሳ ሁለቱ ፊት ላይ ተከምሯል።

በረዶው እስኪቀልጥ ጋራዡ በብየዳ በራ።
የጋቢናውን ግድግዳ ቀዶ፣
ዘንጉን ቆርጦ አሳጥሮ፣
ሞተሩን አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ገፋው።
«ለስንዝር ነው ይሄ ሁሉ?» ብለው
የመኖ ጆንያ አሸከመኝ።
«እጅሽን ዘርግተሽ ያዥው። አሁን ዙሪ።»
ተንገዳገድኩ።
«ደረትሽ ላይ እቀፊው። ዙሪ።»
ዞርኩ።

ሚያዝያ ላይ ያንኑ ቁልቁለት ወረድን፤
ያው ኩርባ፣ ያው የገደል አፍ፣
መንገድ ዳር የተተከሉት የሟቾች መስቀሎች።
መሪውን ገና ነካ ሲያደርገው
ስሙን እንደ ጠሩት ሰው ዞር አለች።
ዴልፊኖ ፈገግ አለ፤
ጥርሱን ካየሁ ቆይቼ ነበር።

እኔ ግን ጉልበቴ ከግድግዳው ተላትሞ
በቆርቆሮው ግለት እየተጠበሰ፣
«ከአፍንጫዋ አንስተህ ጭኔ ላይ ጣልከው» አልኩት።
እግሬን የማሳርፍበት ስላጣሁ
ወደ እሱ ተጠጋሁ፤
ከተጋባን ወዲህ እንዲህ ተጠጋግተን
የተቀመጥንበትን ቀን አላስታውስም።
ሁለተኛው ኩርባ ላይ፣
ማንም ሳያዝዘኝ፣
አብሬያት ዘመምኩ።