ዘይቱን ጥረገው

ኢልያስ ጠመንጃውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣
እንደ ታመመ ልጅ በክንዱ ደልድሎ፣
ከአፉላ ገበያ ጀርባ፣ ከሱቁ ጓሮ ገባ።
«ተገኘ፣ ስቶብኛል፤ መቶ እርምጃ ላይ ቆሞ!
ከርከሮው ቀስ ብሎ ሄደ፣ ጅራቱን አቁሞ።»

ቃታውን አልነካሁም። መቀርቀሪያውን ስቤ አወጣሁ፣
የጥይት ቤቱን ባዶነት በትንሽ ጣቴ ዳሰስሁ፤
ከዚያ በኋላ ነው፣ ወደ መስኮቱ አዙሬ፣
እንደ ሐኪም ጉሮሮ ያየሁት ባንድ ዓይኔ አሻግሬ።
ሰማዩ ከወዲያ ጫፍ ሳንቲም አክሎ ይታያል፣
ሽንሽኑ እየዞረ ወደሱ ይወጣል፤
መሃል መንገድ ላይ ግን ብርሃኑ ይደናቀፋል፦
እዚህ የመዳብ ልጥፍ፣ እዚያ የባሩድ ጥላሸት፣
ከአፈሙዙ አጠገብም ሦስት ነጥብ ዝገት።

ጊልቦዓን፣ ንጉሥ ወድቆበት፣ ተረግሟል ይላሉ፣
ጠል እንዳይወርድበት።
ሌሊት አይወጡም መሰለኝ እነዚያ የሚሉ!
ይኸው ጠሉ፣ በብረቱ ላይ ቀይ ፊደል ሆኖ፣
ይኸው በጣቴ ጫፍ እንደ በርበሬ በኖ።

ዘንጉን ከኋላ እንጂ ከፊት አላስገባም፤
አፈሙዝ ከንፈር ነው፤ ከንፈሩ የተፋቀ ቃሉን አያቀናም።
መጀመሪያ ፈሳሹ። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል፣
ጨርቁ ነጭ ይገባል፣ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፤
መዳብ ሲያለቅስ እንባው እንዲህ ነው።
ከዚያ የነሐስ ብሩሽ፣ እስከ ጫፍ፣ ሳልመልሰው ከመሃል፤
መንገድ ላይ ሐሳቡን የለወጠ ብሩሽ ጥርሱ ይረግፋል።
ከዚያ ሩብ ሰዓት ዝም ማለት።
ከዚያ ጨርቅ። ደግሞ ጨርቅ።
አሥራ ሰባት ቆጠርሁ፣ ነጭ ገብቶ ነጭ እስኪወጣ።

የልጅ ልጄ ናዳቭ ገመድ በኪሱ ይዞ መጣ።
«አያቴ፣ እባብ ይሉታል፤ አንዴ ብትስበው ያልቃል።»
«ላንተ ያልቃል» አልኩት፣ «ለዝገቱ ግን በዓሉ ነው፤
እባብ ያለፈበት ቤት ተጠርጓል ያለህ ማነው?»

አባቴ ጓንጉል ዘይት አልነበረው እንዲህ በጠርሙስ፤
ኑግ ነበር፣ አመድ ነበር፣ ከእናቴ አሮጌ ቀሚስ
የተቀደደ ጨርቅ፣ የሸምበቆ ዘንግ።
የባላባቱን ውጅግራ ተቀምጦ ሲጠርግ፣
ባላባቱ ከሩቅ ቆሞ ይጠብቀው ነበር፣
እጁ የነካውን ብረት ውሃ ሳይረጭ ላያሻግር።
ቀን «ጠቢቡ»፣ ማታ «ቡዳ»።
ጠመንጃው የቤት ልጅ፣ የጠገነው እጅ ባዳ።
አንድ ቀን ጠየቅሁት፦ «አባ፣ ተኩሰህ ታውቃለህ?»
«እኔ ሆዱን ነው የማውቀው» አለኝ፣ «ድምፁ የነሱ ነው።»
እኔም ይኸው እንደሱ፣ በስድሳ ሦስት ዓመቴ አንድ ጥይት አልተኮስሁም፤
ስመጣ የልጆች አባት ነበርሁ፣ ሠራዊቱም አልጠራኝም።

ከርከሮ እኔ አልበላም። ናዳቭም።
ሱፉን የዘራው ኑሪ ሥጋውን ባይኑ አያይም።
ኢልያስ ለወንድሞቹ ይጠብሳል፤
ኑሪ ስለ ማሳው ያመሰግናል፤
ለእኔ የጨርቅና የፈሳሽ ዋጋ፣ ከላዩ ሃያ ሸቀል።

በመጨረሻ ዘይት። ጠብታ እንጂ ጅረት አይደለም፤
የሰጠመ በርሜል ከዛገው አይሻልም።
እንደገና ወደ መስኮቱ፦ ሽንሽኑ አሁን ምንም ሳያደናቅፈው
ዞሮ፣ ዞሮ፣ ሰማዩ ላይ ወጣ።
ትንሽ ቆየሁ እያየሁት። ኢልያስ ሰዓቱን አየ።

«ስማ» አልኩት፣ «ይኼ ዘይት ለመኝታው ነው፤
ከመተኮስህ በፊት በደረቅ ጨርቅ ጥረገው።
ዘይት የጠጣ በርሜል የመጀመሪያዋን ጥይት ያሳስታል።»
«እሺ» አለ፤ እሺ ሲል ዓይኑ በር በሩን ያያል።

ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ከሱፉ ማሳ በኩል፣
አንድ ተኩስ። የውሾች ጩኸት። ዝምታ።
ትርንጎ «ምንድን ነው?» አለች፣ ከእንቅልፏ ባንና ተነሥታ።
«ዝም ብለሽ ቁጠሪ።»
እስከ አራት ቆጠረች። ሁለተኛው ተኩስ መጣ።
ትራሴን ገለበጥሁ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ።
«አልጠረገውም» አልሁ።