የወንበሮቹ ሆድ

ሽምብጥ፣ ከሐይቁ ማዶ ሳይሆን ከዚሁ፣ ከመዋለ ሕፃናቱ ግቢ፣
ሃያ አራት ወንበር ተቆለለልኝ፣ ለእኔ ለጀልባ ቀቢ።
ቀይ ነበሩ አሉ፣ ግማሹም ቢጫ ነበሩ፤
አሁን የታኘከ ማስቲካ መስለው
አንዱ ካንዱ ላይለይ አደሩ።

ሁለት መስከረም ሙሉ በሩ ተቆልፎ ሲከርም
ፀሐይ ብቻ ናት የገባች፤ ፀሐይ ቁልፍ አትጠይቅም።
ለምን ተዘጋ አትበሉኝ፤
የሚያውቅ ያውቀዋል፣
ያላወቀም ዝም ይላል።

ወይዘሮ እማዋይሽ፣ ዳይሬክተሯ፣
በጣሳው ዋጋ ስትከራከረኝ ቆይታ
«ሰኞ ምዝገባ ነው» አለች።
«ሰኞ?» አልኳት።
«ሰኞ።»

እንጨት ቀለሙን ይጠጣዋል፣ እንደ ሠርገኛ፤
ብረት ይታገሠዋል፣ እንደ ምራት፤
ፕላስቲክ ግን ኩሩ እንግዳ ነው፣
የቀረበለትን አይነካም።
«የፕላስቲክ ማስያዣ አለህ?» ብዬ አንለይን ጠየቅኩት፣ ቀለም ሻጩን።
«መንገድ ሲከፈት ይመጣል» አለኝ፣ ሚዛኑን እየወለወለ።

የመጀመሪያውን ቀን በትዕቢት ቀባሁ፣ ሳላጥብ፣ ሳልፍቅ።
በማግስቱ በጥፍሬ ብነካው
እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተገሸለጠ፤
ሠላሳ ዓመት የሞተር ጀልባ የቀባ እጄ
በአንድ የሕፃን ወንበር ፊት አፈረ።

እንግዲህ ከሀ ጀመርኩ። በኦሞ ማጠብ፣
በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ እስኪሻክር ድረስ።
ለስላሳ ነገር ካልቧጠጡት ቀለም አይዝም።
(ይህን የምለው ስለ ወንበር ነው።)

እሑድ ጧት አንድ ልጅ በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቀ፤
ረዝሟል፣ የሱሪው ጫፍ ከቁርጭምጭሚቱ ርቋል።
«ጋሼ፣ የእኔም ወንበር አለ፣ ከነዚህ ውስጥ።»
«ስምህ ማነው?»
«ይበልጣል።»
አገላብጦ አገላብጦ ዐሥራ ሰባተኛውን አነሣ፤
ከመቀመጫው ሥር፣ ፀሐይ ባላየው በኩል
ቀይ! እንደ ተገዛ ቀን ቀይ፣
በሚስማር የተጫረ አንድ «ይ»፣ አንገቱ የተጣመመ።

ሊቀመጥበት ሞከረ። ጉልበቱ አገጩን ነካ፣
ወንበሩ ጮኸ፣
ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ አልሳቅንም።
ስሙ እውነቱን ተናገረ፤ ይበልጣል፣
በሁለት ዓመት ይበልጣል፣
ፊደል ባልቆጠረበት ሁለት ዓመት።

«ሥሩን አትቀባው» አለኝ።
እኔም የሃያ አራቱንም ሆድ ሳልነካ ተውኩት፤
ላዩ የጀልባ ሰማያዊ፣ ውስጡ የድሮው ቀለም፣
ሆድ ይፍጀው እንዲሉ።
ለእማዋይሽ «ለቁጠባ ነው» አልኳት። አመሰገነችኝ።

ማታ ከጣና ትንኝ ተነሣ፣ እንደ ጭስ፣ አምፖሉን ብሎ፤
እርጥቡ ቀለም ላይ አረፈ፣ በዚያው ቀረ።
በመርፌ ልለቅም ጀመርኩ፤ ስምንተኛው ወንበር ላይ ታከተኝ።
ነጠብጣብ ይሁን፣ አልኩ፣
ልጅ ነጠብጣብ አይጠላም።

ሰኞ።
እማዋይሽ መዝገቧን አቅፋ በሩ ላይ ቆመች።
ሁለት ሰዓት ላይ ማንም። ሦስት ሰዓት ላይ ዘጠኝ ልጆች።
አራት ሰዓት ሲሆን ዐሥራ አንድ።
የመጨረሻዋ፣ ስሟን ለመዝጋቢዋም አልናገር ያለችው፣
ቀጥ ብላ መጥታ ያልደረቀው ላይ ተቀመጠች፤
ስትነሣ የቀሚሷ ኋላ ጣና ሆኗል፣
ከነትንኙ።
እናቷ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤
እኔን አየች፣ ወንበሮቹን አየች፣
ባዶዎቹን፣ ዐሥራ ሦስቱን፣ ቆጠረች መሰለኝ፣
አፏን መልሳ ገጠመች።

ቲነር ነበረኝ። ማስለቀቅ እችል ነበር።
ጣሳውን ከደንኩ።