ሁለት ጣት

ቦራን ከሐረማያ ገበያ ስገዛው
እርምጃው ረዥም ነበር፤ መንገዱን የሚያጥፈው።
አንገቱን ዘርግቶ፣ ጆሮውን አቅንቶ፣
ባዶ ጋሪ ይመስል ስድስት ኩንታል ጎትቶ።

ድሬ ወርዶ ሁለት በጋ እንደከረመ
እርምጃው አጠረ፤ ወደ ግራ ዘመመ።
ደቻቱ ድልድይ ላይ ስንደርስ ይቆማል፣
አናቱን ወደ ላይ እያነሳ ይጥላል፣
ያፉ አረፋ በደም ነጠብጣብ ይቀላል።

"ሰንፏል" አለኝ ሙሜ፣ ባጃጁን አቁሞ፣
"ሽጠውና ይልቅ..." ሳቁን አስቀድሞ።
እኔም አመንኩና አለንጋ ጨመርኩበት፣
አለንጋው ሲያንሰው ልጓም ቀየርኩበት፤
ከፌሮ የታጠፈ፣ ምላስ የሚቆነጥጥ፣
አንዴ ዛቡን ስስብ መንጋጋ የሚገምጥ።
ለጥቂት ቀን ሮጠ። "ይኸው" አልኩ፣ "በረታ!"
እሱ ግን ይሸሽ ነበር ሊያመልጠው ከማይችለው ጌታ።

አው ኡመርዲን ቆዳ ሰፊ ናቸው፤ መጋላ ውስጥ፣ ጠባብ በር፤
አባታቸው ጀጎል ውስጥ መጽሐፍ ይጠርዙ ነበር።
እሳቸው ግን ወደ ጠፍር አዘነበለ እጃቸው፤
የሰፉት ነገር ሲራመድ ማየት ነው ደስታቸው።
ከአሮጌ ባቡር ወንበር የተፈታ ቡናማ ቆዳ
ተጠቅልሎ ይጠብቃል በትንሿ ጓዳ።

ጠፍሩ እንዲጠገን ብቻ ነበር ይዤው የሄድኩት።
"ፈረሱስ?" "ውጭ ነው።" "አምጣው" አሉ፤ አመጣሁት።
አልነኩትም መጀመሪያ። ዓይናቸው ሰኮናውን
ሲከተል አየሁ፤ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን።
"እስከ ጥጉ ንዳው።" ነዳሁ። "መልሰው።" መለስኩት።
ከዚያ ከደረት ጠፍሩ ስር ሁለት ጣት ሰደዱ፤
ሌባ ጣትና የመሐል ጣት። ገና ሳይገቡ ታገዱ።

"ይሄስ?" አሉ። ቋጠሮ ነው፤ የራሴው ቋጠሮ፣
ጠፍሩ የተበጠሰ ለት በናይለን ገመድ ታስሮ
የግራ ትከሻውን ስር ስሩን ሲግጠው ኖሮ!
ፀጉሩን ሲገልጡት ታየኝ፣ እንደ ሳንቲም የከበበ
ገጣባ፤ ዝንብ እንኳ ከእኔ ቀድሞ ያነበበ።
"'አህያውን ፈርቶ ዳውላውን' ተባለ ለፈሪ፤
ዳውላውን ምረህ ፈረሱን መታህ፣ አንተ ባለጋሪ።"

ከዚያ ልጓሙን ፈቱ። "ቀትር ላይ የት ትሰቅለዋለህ?"
"ከቆርቆሮው ላይ።" "ሥራ ስትጀምርስ እንዲያው ታጎርሰዋለህ?"
"አዎ።" ምንም አላሉኝም። ከደጅ ምስማር ላይ ሰቀሉት፤
ሻይ አስመጥተው አንድ ብርጭቆ ቀስ ብለው ጠጡት።
የሰኔን ቀትር በድሬ የኖረበት ያውቀዋል።
"በል ጉረስ" አሉኝ በጨርቅ ይዘው፤ "ቦራ በየቀኑ ይጎርሰዋል።"
አልጎረስኩም። ትኩሳቱ ብቻ ከንፈሬ ዘንድ ሲደርስ
አንገቴ ወደ ላይ ሄደ፣ ልክ እንደ ፈረስ።

ፌሮውን ወረወሩት። ቀለል ያለ ልጓም ሰጡኝ፣
"ጥላ ውስጥ ስቀል፣ በውሃ ንከር" ብለው አስማሉኝ።
ደረቱን ከባቡሩ ቆዳ ሰፋ አርገው ቆረጡለት፣
ውስጡን ጥጥ ሞልተው ትከሻውን ነፃ አወጡለት፣
የጋሪውን ዘንግ ለክተው በስንዝር ዝቅ አደረጉት።
ቁስሉ እስኪሽር አሥር ቀን ጋሪው ቆመ፤ በዱቤ በላሁ፤
በአሥራ አንደኛው ማለዳ ፈራ ተባ እያልኩ ተነሳሁ።

ደቻቱ ድልድይ ደረስን። ዛቡን ሳላውቀው አጠበቅሁ፤
አስታወስኩና መልሼ ጣቶቼን ለቀቅሁ።
አልቆመም። አንገቱን ዘረጋ፣ ጀርባው ከፍ አለ፣
የኋላ እግሩ የፊቱን ዱካ አልፎ ተተከለ።
ያ የሚያነክስ ድምፅ ጠፋ፤ አስፋልቱ ላይ ሞላ፣
ብቆጥር ብቆጥር የጎደለ ኮቴ አጣሁ በኋላ።

ማታ ልጄ ሂንዲያ ከትምህርት ቤት ስትገባ
እግሯን ትጎትታለች። "ደህና ተራመጂ!" ልል ስል፣
ቃሉን ዋጥኩና ተንበርክኬ ሁለት ጣት
ከተረከዟ ኋላ ሰደድኩ፤ አልገባ።

ጫማው የአምና ነው።