የትከሻው ልክ

ግማሽ ገጽ ነው ፍርዱ፣ ከታች ክብ ማኅተም፤
ይነበባል እንጂ ሲፈጸም አይታይም።
«ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት፣
ሕፃን ናሁሰናይ ይሰጥ ለወላጅ እናት፣
ዐሥራ አንድ ሲሆንም ይመለስ ለአባት።»

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት፣ ከአራዳ ተነሥቼ
በባጃጅ አዘዞ፣ በሩን አንኳኩቼ፣
«ተኝቷል» አለችኝ የአባትየው እህት።
በሳምንቱ ጉንፋን።
በሦስተኛው ደግሞ «ቆላድባ ሄዷል፣ ለቅሶ፣ ከአባቱ ጋር»፤
ማን እንደሞተ ግን እሷም አታውቅም ነበር።
በአራተኛው ማንም አልወጣ፤
በሩ ራሱ መለሰልኝ፣ በዝምታ።

አፈጻጸም ችሎት ወረፋ ስጠብቅ
ከፊቴ ሰዎች አሉ፣ ዕዳቸው የሚታወቅ፤
አንዱ በሬ ያሳግዳል፣ አንዷ የቆርቆሮ ቤት፣
ለሁሉም ሐራጅ አለ፣ የተቆረጠ ዕለት።
ልጅ ግን በምን ይታገድ? በማን ይውጣ ግምቱ?
«የፍርድ ባለመብት» ይለኛል ወረቀቱ።
ባለመብት ማለት
በትምህርት ቤት አጥር፣ በሽቦው ቀዳዳ
ልጇን በዓይኗ የምትሰርቅ፣ ቆማ እንደ ባዳ።

ሽማግሎች መጡ፤ «ተይው፣ ልጅ ሲያድግ
እናቱን ይፈልጋል» አሉ።
ሲያድግ የሚፈልገው የትኛዋን ነው?
ጥርሱ ሲነቀል ያላየችውን?

ልብስ ሰፊ ነኝ እኔ። ስንቱን ለክቻለሁ፣
የሙሽራ ሱፍ፣ የዲያቆን ቀሚስ ሰፍቻለሁ፤
የልጄን ዩኒፎርም ግን በግምት ቆረጥሁት፣
በመስከረም በአጥር ያየሁትን ይዤ
ለጥር ይበቃው እንደሆን እያልሁ ሰፋሁት።

በመጨረሻ ትዕዛዝ ወጣ፤ ፖሊስ አብሮኝ ይሂድ።
ኮንስታብል ባዩህ፣ ጢሙ ገና ያልጠና፣
ባጃጁ ውስጥ፣ «እኔም እንዲሁ ነው ያደግሁ» አለና
እስክንደርስ ድረስ ሌላ ቃል አልተናገረም።

እንዳላማው ራሱ ከፈተ።
«መቼ ከለከልሁ? ልጁ ነው የማይፈልግ።»
ከመጋረጃው ሥር ሁለት ጫማ ታየኝ፣
ማሰሪያው የተፈታ፣ የማይንቀሳቀስ።
ኮንስታብሉ ዞሮ «እናውጣው ወይ?» አለኝ።
ወረቀቱ ይፈቅዳል፤ ክንዱን ይዞ መጎተት፣
እንደዚያ ሰውዬ በሬ።

«ተወው» አልሁት።
ከቦርሳዬ ሜትሬን አወጣሁ፣ ቢጫውን፣ ጫፉ የተበላውን።
«ናሁዬ፣ ዩኒፎርምህ እንዳይጠብህ ነው።
ልክህን ብቻ ልውሰድ።»

መጋረጃው ቆየ። ቆየ።
ከዚያ አንድ እጅ ወጣ፣ ከዚያ ሌላው፤
ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ፣ ክንዱን እንደ ወፍ ዘርግቶ።
ፊቱን አላሳየኝም።
አንገቱ ላይ የማላውቀው ጠባሳ አለ።
አልጠየቅሁም፤ ለካሁ።

የምጽፍበት አልነበረኝም።
ኮንስታብል ባዩህ በአፈጻጸም ሪፖርቱ ላይ፣
«ውጤት» ከሚለው ፊት ለፊት፣ እየጠራሁለት ጻፈው፦
ትከሻ ሠላሳ። እጅጌ አርባ ሁለት።
ሰኞ ለዳኛዋ ይቀርባል።

በግምት የሰፋሁት ሦስት ጣት ያጥረዋል።