ዓይን ሲያርፍበት

የካቲት፣ ብርኖ። በረዶው ጠቁሯል በትራም ሐዲድ ዳር፤
እኔና ማሽኔ ሦስት ወር ሞላን ሳንነጋገር።
ሠላሳ ሁለት ቺፕ በሰሌዳው ላይ ደርድሬ፣
በዕድሜ የሚበልጠኝን ፕሮሰሰር መሃል አኑሬ፣
ሽቦውን በየእግሩ ጠምጥሜ፣ ቋጥሬ፣
ማብሪያውን ስጫነው — ዝም።
የተቀየመ ዘመድ እንኳ እንዲህ ዝም አይልም።

ራድካ፣ ትራም ጋራዡ ውስጥ አብራኝ የምትሠራ፣
«ስልክህ ከዚህ ሺህ ጊዜ ይፈጥናል» ትለኛለች ሻይ ስንጠጣ።
አውቃለሁ። ስልኬ ግን የሞተ ዕለት
ማን እንደገደለው አይነግረኝም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤
ይሄኛው መደበቁን ራሱን ደብቋል።
«አምስት ቮልት፣ ሙሉ ነው» ብሎ መልቲሜትሬ ምሏል።

መልቲሜትር ደግ ነው፤ የሰፈር ሽማግሌ ነው፤
ሥራው ማስታረቅ ነው።
በሰዓቱ መስመር ላይ «አለሁ!» እና «የለሁም!»
በሴኮንድ ሚሊዮን ጊዜ ሲካካዱ አይሰማም፤
«ሁለት ነጥብ አራት» ይላል፣ መሃል ላይ አስማምቶ፣
የሁለቱንም ቃል ትቶ።
እኔ ግን የፈለግሁት ጠቡን ነው፣ በዓይኔ፤
ዕርቅ ምን ያደርጋል ለዲዳው ማሽኔ?

እሑድ ሲነጋ አራት ሺህ ኮሩና ከኪሴ አድርጌ
ስቪታቫ ወንዝ ዳር ገበያ ወረድኩ፣ ዕቃው ሁሉ አሮጌ።
ሉቦሽ፣ የሱፍ ኮፍያው ቅንድቡን የሸፈነ፣
የፋብሪካ ቴክኒሺያን የነበረ፣ ጡረታው የመነመነ፣
ሸራ አንጥፎ ተቀምጧል። ልቤ ሦስት ቦታ ተከፈለ።

ሎጂክ ፕሮቡ እርሳስ ያህላል፤ ሁለት መቶ ኮሩና፤
ቀይ ሲበራ «አዎ»፣ አረንጓዴ ሲበራ «አይ»፣
አፉን እንደሚፈታ ልጅ ሌላ ቃል አልለመደምና።
ሎጂክ አናላይዘሩ ባለ አሥራ ስድስት ጅራት፣ የችሎት ጸሐፊ ነው፤
ማን መቼ ምን አለ፣ ሳያዛንፍ መዝጋቢ ነው፤
የተናጋሪው ድምፅ መንቀጥቀጡን ግን መዝገቡ ላይ አታገኘው።
ኦሲሎስኮፑ ደግሞ አሥራ ስምንት ኪሎ ብረት፣
አንድ ክብ አረንጓዴ ዓይን ግንባሩ ላይ ያለበት።

ሁለቱን ልውሰድ? ገንዘቤ አይበቃ።
አንዱን ሳነሣ ሌላውን ሳስቀምጥ፣ ጣቴ በብርድ ደርቃ፣
«ቤትህ ስንተኛ ፎቅ ነው?» አለኝ ሉቦሽ።
«አምስተኛ።»
«ሊፍት አለው?»
«የለውም።»
«እንግዲያ ሦስት መቶ ቀነስኩልህ፤ ለወገብህ።»

አቅፌው ስገባ በትራሙ፣ በላብ፣ በየካቲት፣
ወንበር ለቀቀችለት አንዲት ባልቴት።
ለእሱ። እኔ ቆምኩ።

ማታ ዓይኑ እስኪሞቅ ጠበቅኩ፤ መስመሩ ፈካ፣
የፕሮቡን ጫፍ ወስጄ የሰዓቱን እግር ስነካ —
ማሽኑ ነቃ!
ስክሪኑ ላይ ፊደል ቆመ፤ ጠቋሚው ጠቀሰኝ፤
«ዝግጁ ነኝ» አለኝ።
ፕሮቡን አነሣሁ። ሞተ።
ነካሁት። ተነሣ።
አነሣሁ። ሞተ።

እኛ የምናውቀው ዓይን ሌላ ነው፤ ይበላል።
ቆንጆ ልጅ ሲታይ «እንትፍ፣ እንትፍ» ይባላል፣
ከባዳ ፊት ይሸሸጋል።
ይሄ የተገላቢጦሽ ነው፤ ካላዩት ይሞታል።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በግምት፣ ገባኝ።
የሰዓቱ ምት ጫፍ ላይ አንዲት እሾህ አለች፤
ካልነካኋት የማላያት፣ ስነካት የምትጠፋ፣
ከፕሮቡ ክብደት በታች አንገቷን የምትደፋ።

ከሣጥኔ ምስር የሚያህል ካፓሲተር መረጥኩ፤
አሥራ አምስት ፒኮፋራድ፣
የአንድ ዓይን ክብደት፣
ከመስመሩ ወደ መሬት በየድኩ።
ፕሮቡን አነሣሁ። እጄን ወደ ኋላዬ አጣመርኩ።
ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።
ስመለስ ጠቋሚው አሁንም ይጠቅሳል።

በሳምንቱ ሉቦሽ፣ «ከዳነማ ምን ያደርግልሃል?
በግማሽ መልስልኝ» አለ።
አልመለስኩለትም። መደርደሪያው ላይ ነው፤ ምንም አልተሰካበት፤
ማታ ማታ አበራዋለሁ፣
አረንጓዴው መስመር ቀጥ ብሎ ወደ እኔ ያያል።
ለምን አትሸጠውም ለሚሉኝ
«አምስት ፎቅ ማን ያወርደዋል?» እላለሁ።