የጨው መጠቅለያ

መብራት ሄደ ደግሞ። ከሞጣ ሰማይ ሥር
ሠላሳ ሁለት ሰው፣ አንድ መጽሐፍ ለዐሥር፣
በየእጅ ስልካችን አቴናን ፍለጋ
ወንበሩ በሙሉ ወደ ፊት ተጠጋ።
እኔ ከወፍጮ ቤት እየሮጥኩ መጥቼ
በሶቅራጥስ ስም ላይ ዱቄቴን ረጭቼ
አጠናለሁ በቃ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤
ልጄ ቀን ያየው ገጽ ማታ የኔ ገጽ ነው።

መምህር ማንይንገረው (ስሙ ራሱ ቅኔ)
ሜዲትራንያንን በቁራጭ ጠመኔ
ይሥላል በጨለማ፤ ዳር ዳሩን ሲያዞረው
እኛ የምናየው የድምፁን ጭረት ነው።

አቴና አደባባይ ሕዝቡ በጠጠር ሲመርጥ
ሴትና ባሪያ ግን የለም ከሸንጎው ውስጥ።
እዚህ ላይ ስንደርስ የኋላው ወንበር ላይ
ስንቅነሽ አሳለች፤ ሳሉ ጥያቄ መሳይ።
«ጉንፋን ነው?» ቢላትም፣ «አይደለም፣» አለችው፤
ሁላችን ዝም ስንል ደወሉ ገላገለው።

መጽሐፉ ጎደሎ፤ ከሰማንያ ሦስት
ዘሎ የሚያርፈው መቶ ዐሥራ አምስት፤
ቄሣር ባንዱ ገጽ ላይ ጦር እንዳሰለፈ
ሌላው ገጽ ሲገለጥ ሺህ ዓመት አለፈ።
ከዚያ ወዲያማ ማተሚያው ይመጣል፤
አንድ ሰው በእርሳስ ፊደል መጽሐፍ ያበዛል።
አባቴ ዲማ ላይ አንድ ዳዊት ሲጽፍ
ሁለት ክረምት ፈጀ፣ ጣቱ እስኪቆለፍ።
ባንድ ወር መቶ መጽሐፍ! ሰምቼ ቀናሁኝ፤
ደግሞ ላባቴ አዘንኩ፤ ሁለቱም ያዙኝ።

የሮም መውደቅ የለም። ማን ቀዶ ወሰደው?
ፈተናው ግን ደርሷል፤ እሱን ማን ይቅደደው!

«ገጽ ቢጠፋ፣» አለ፣ «ድንጋይ ይነበባል፤
ቅዳሜ ተነሡ፣ ዓባይ ይወረዳል።»
ወሰደንም። ቆምን ሰባራው ድልድይ ላይ፣
ከሥራችን ደፍርሶ እያጓራ ዓባይ።
«እዩት ይህን ቅስት። ፈረንጅ ነው ያሠራው
ይላል ያገሩ ሰው። ይሁን፤ ማን ሊያጣራው!
ኖራ ያቦካው እጅ፣ ድንጋይ ያዘለው ጀርባ
የትኛው ምዕራፍ ነው፣ የት ገጽ ላይ የገባ?»
እኔ ያሰብኩት ግን መቶ ኪሎ ኬሻ
ከጋሪ የሚያወርድ የወንድሜን ትከሻ።

ሰኞ ከወፍጮ ቤት ስወጣ መሸብኝ፤
ጥሩዓለም ሱቋ ላይ ጨው ጠቀለለችልኝ።
ቤት ስፈታው፣ ከጨው ሥር፣ ፊደሉ ረጥቦ፣
ገጽ ዘጠና አንድ! የጎት ጦር ሮምን ከቦ!
ቆሜ አነበብኩት፤ ወጤ እዚያው አረረ።
እህል የጫነ መርከብ ካፍሪካ ቀረ፤
ግንቧ ሳይነካ ገና አንጀቷ ታሠረ።
ወፍጮ የቆመ ዕለት ከተማም ይቆማል፤
ይኼን ለመመለስ ማን ፈተና ይሻል?

ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይላል ሰው፣
ያለዚያ ድንጋይ ብሎ ነው የሚወረውረው።
ሮምም ድንጋይ ሆነች፤ ባደባባይዋ
ላሞች ሣር ጋጡባት፣ ይላል ጨዋማ ገጿ።

ያችን ገጽ አድርቄ፣ በዱቄት ሙጫዬ
ለጠፍኳት ከቦታዋ። ልጄ፦ «ጎሽ፣ እማዬ!»
ግን ሠላሳ ገጽ አለ በየጓዳው ያደረ፣
ሻርለማኝ በርበሬ፣ ወረርሽኙ ስኳር እንደቋጠረ።

ዛሬም ሱቁ ቆሜ፣ የምገዛው ሳይኖረኝ፣
ጥሩዓለም ከመስኮቷ «ምን ልስጥሽ?» አለችኝ።
«የፈለግሽውን ስፈሪ፣ ጨው ይሁን፣ ምስር ይሁን፤
ብቻ ጠቅልይልኝ በመካከለኛው ዘመን።»